ከግድቡ ቁመት በፊት ማስተንፈሻውን አሳዩኝ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሊገባ ሲል ስለ ጎርፍ የሚላኩልኝ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ዘንድሮ ግን አብዛኞቹ በአንድ ነገር ላይ ናቸው፤ ሰፈርን ከጎርፍ ለማዳን በሚሠራ ትንሽ የአፈር ግድብ ላይ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ብዙ ዓመት የሠራሁበት ጉዳይ ስለሆነ ስጽፍ መቆም ያቅተኛል፤ ረዘም ካለባችሁ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። መምህር ነኝ። በየክረምቱ ከላይ በቦረቦሩ የሚወርደው ጎርፍ ገበያውን አቋርጦ ትምህርት ቤታችን ይገባል። አምና ሁለት ክፍል ጭቃ ሞልቶ ዴስኩን ሁሉ አውጥተን አጠብን። አሁን ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሎደር ተከራይቶ፣ ቦረቦሩን በአፈር ሊገድብ ተነሥቷል። ግማሹ 5 ሜትር ይበቃል ይላል፣ ግማሹ 8 ይሁን ይላል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ከቁመቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግድቡ ሞልቶ ሲተርፍ ውሃው በየት በኩል ይወጣል? ለዚህ መልስ ካልተገኘ 5 ሜትሩም 8 ሜትሩም ባይሠራ ይሻላል። ይህን የምለው ሥራችሁን ላቀዘቅዝ ብዬ አይደለም። ሕዝብ ተነሥቶ ማዋጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ብሩና ጉልበቱ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚውል ነው የሚያሳስበኝ።

የአፈር ግድብ የሚገፋውን ውሃ ይችላል። በአናቱ ላይ የሚያልፈውን ውሃ ግን አይችልም። አንዴ ከላይ መፍሰስ ከጀመረ የኋላውን አፈር እየሸረሸረ፣ እየቆረሰ ይበላዋል፤ ከዚያ መሃሉ ይናዳል፤ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያኔ ትምህርት ቤቱ ላይ የሚወርደው ከአምናው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከፍ ያለ ግድብ ደግሞ የሚያጠራቅመው ብዙ ስለሆነ ሲናድ ጉዳቱም ይብሳል። ለዚህ ነው ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፍ ውሃው የሚወጣበት መንገድ፣ የሌለው 8 ሜትር ግድብ ከባዶ ቦረቦር የከፋ ነው የምለው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ወደ ቦረቦራችሁ ውሃ የሚልከው ተራራ 100 ሄክታር ነው እንበል፤ በእግር ዞሮ ለማየት ግማሽ ቀን የማይፈጅ ቦታ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 50 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ አረፈበት ማለት ነው። ተራራው የተራቆተ ከሆነና 40 በመቶው ሳይሰርግ ቢወርድ 20 ሺህ ሜትር ኩብ ይመጣል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ የውሃ ቦቴ ብንቆጥረው 2 ሺህ ቦቴ ነው፤ ያውም በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ።

የጎርፍ ግድብ ሥራው ይህን ውሃ ለዘለዓለም መያዝ አይደለም። ይዞ፣ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ከሥሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቱቦ ይቀበርበታል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ፣ በላዩ 3 ሜትር ያህል ውሃ ሲኖር፣ ያን 20 ሺህ ሜትር ኩብ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ያህል ያወጣዋል። በሁለት ሰዓት ሊመጣ የነበረው ጎርፍ በ30 ሰዓት መጣ ማለት ነው፤ ያን ያህሉን ደህና ቦይ ይሸከመዋል። በማግስቱ ግድቡ ባዶ ሆኖ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል።

ግን ከሂሳባችሁ የበለጠ ዝናብ አንድ ቀን ይመጣል። ማስተንፈሻው ለዚያ ቀን ነው። ከግድቡ ጎን፣ ባልተነካው የተፈጥሮ መሬት ላይ የሚቆፈር ሰፊ ቦይ ነው። በግድቡ አፈር ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ወለሉ ከግድቡ አናት ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ይላል። ለእናንተ ዓይነት ተራራ ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ቢያስፈልገው አይግረማችሁ፤ ትክክለኛውን ልክ የውሃ መሐንዲስ ይሥራላችሁ። ውሃውንም ከግድቡ ግርጌ ራቅ አድርጎ ወደ ቦረቦሩ መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ ግርጌውን ራሱ ይቆፍረዋል።

ሌላው ሰው የማይገምተው ነገር ወርዱ ነው። 5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ አናቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ በውሃው በኩል ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር፣ በኋላው ደግሞ 2 ሜትር ተኩል እየተዳፋ ሲወርድ ከሥር ከ30 ሜትር በላይ ይሰፋል። ይህ ብዙ ሲኖትራክ አፈር ነው። እንደ አጥር ቀጥ አድርጎ የተቆለለ አፈር ግድብ አይባልም። አፈሩ ከጊዜ በኋላ ይሰጥማልና አናቱን መሃል ላይ ከፍታውን ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩበት፤ ለ5 ሜትር ግድብ ከ25 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። መሃሉ ዝቅ ካለ ውሃው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ግድቡ ደግሞ ከሁሉ የሚረዝመው እዚያው ላይ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ሎደሩን ከመጥራታችሁ በፊት ተራራው ላይ ውጡ። እርከኑ ፈርሷል? ከብት የሚለቀቅበት ነው? ቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ጀምሮ በየተወሰነ ርቀት የድንጋይ ክትር ብትሠሩ፣ የተራቆተውን ደግሞ ከልላችሁ ሣር ብታስይዙት፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላ የሚወርደው ውሃም ደለልም ይቀንሳል። ግድቡ ከዚያ በኋላም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ግን ያነሰ ግድብ ይሆናል፣ ቶሎም በደለል አይሞላም።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢ ያለው አፈር መረሬ፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። አንዳንዱ «ውሃ አያሳልፍም፣ ለግድብ የሚሆን እሱ ነው» ይላል። ሌላው «ይሰነጠቃል» ይላል። የማን እውነት ነው?

መልስ፦ የሁለቱም። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃም አያሳልፍም። ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ይህን የበጋ ማሳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ለመስኖ ውሃ ይዞ የሚከርም ግድብ ላይ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ነገሩ ቀለል ይላል። የጎርፍ ግድብ ግን ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይ ይመታዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የሰኔ የመጀመሪያው ጎርፍ በቀጥታ በስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ መረሬውን ከመሃል እንደ ልብ አድርጉትና በሁለቱም በኩልና በአናቱ ጠጠር የተቀላቀለበት ቀይ አፈር በደንብ አልብሱት። ፀሐዩ ልቡን አያግኘው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። በጣም ስለምወደው ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ውሰዱ። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ሙሉበት፤ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ጨው ስላለበት ያታልላል። ከምትጠቀሙበት አፈር ሽምብራ የምታህል ጓል ቀስ ብላችሁ ጣሉበት። አታማስሉት፣ ብርጭቆውንም አታንቀሳቅሱት። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ጓሏ ፈራርሳ ከሥር ክምር ብላ ውሃው ጥርት እንዳለ ከቀረ ጥሩ ነው። በዙሪያዋ እንደ ወተት ያለ ጉም ተነሥቶ ብርጭቆው ውስጥ መሰራጨት ከጀመረ ግን ያ አፈር በውሃ ውስጥ ራሱን በራሱ የሚበትን ነው። ግድብ ውስጥ ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ ውሃው አፈሩን እያሟሟ ይወስደዋል። እንዲህ ካያችሁ ከዚያ ጉድጓድ አፈር አታምጡ፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአራት ከአምስት ቦታ፣ ከላይም ከጥልቁም ወስዳችሁ ሞክሩት።

ሲጠቀጠቅ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ ነው። ሲኖትራኩ አፍስሶ፣ ሎደሩ ገፍቶ፣ ጎማው ሁለቴ ስለሄደበት ተጠቀጠቀ አይባልም። ሮለር ይከራዩ። እርጥበቱንም በእጅ እዩት፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ እጅንም ካላጨቀየ ልኩ ነው። ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ። ከተለጠፈ እስኪጠፈጠፍ ጠብቁ፤ ሠራተኛው ቀኑ ሄደብኝ ብሎ ቢያጉረመርምም ጠብቁ። ሥሩም ላይ ሣሩንና ለም አፈሩን ጠርጋችሁ፣ በመሃል ጥብቅ መሬት እስክታገኙ ቆፍራችሁ፣ በዚያው በሸክላ አፈር ሙሉት። ሣር ላይ የተቀመጠ ግድብ ሥር ውሃ መንገድ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ከሰሜን ሸዋ ነው የምጽፈው። ከመንደራችን በላይ ለጎርፍ የተሠራ ትንሽ ግድብ አለ። ባለፈው ዓመት ወጣቶቹ ቱቦውን ደፍነው፣ ማስተንፈሻውን በድንጋይና አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ከፍ አደረጉት። ውሃው እስከ ጥር ቆየ፣ ሽንኩርት አለሙበት፣ ጥሩ ሸጡ። ዘንድሮ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሊያደርጉት ነው። እኔ ስቃወም «አንተ ፈሪ ነህ» አሉኝ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ይህን ገጽ ወስደው ያሳዩልኝ።

ልጆች፣ ሽንኩርቱ ጥሩ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት የተሻለ ነው፤ የምላችሁን ግን እንደ ታላቅ ወንድም ስሙኝ። ማስተንፈሻውን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስታደርጉ፣ ግድቡ በትልቅ ጎርፍ ቀን እንዲያመልጥበት የተተወለትን 1 ሜትር ከግማሽ በላይ ወሰዳችሁበት። ቱቦውን ስትደፍኑ ደግሞ ጎርፉ ሲመጣ ግድቡ አስቀድሞ ሙሉ ነው። እስከ አፉ በሞላ እንስራ ላይ ሌላ እንስራ እንደ መገልበጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬንያ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ጆንስታውን ከምትባል ከተማ በላይ 22 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነበር። ባለቤቶቹ ለመዝናኛና ለዓሣ ነበር የሚፈልጉት። ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አደረጉት። የቀድሞዎቹ የሥር ቱቦዎች ተነቅለው ወጥተው ነበር፣ እነሱም አልተኩዋቸውም። ዓሣው እንዳያመልጥ ደግሞ ማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ መጣ። ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ። ውሃው በአናቱ ሄደ። 2,209 ሰው ሞተ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለመዝናኛቸውና ለዓሣቸው ብለው ነው፤ ክፉ አስበው አይደለም።

ውሃ ከፈለጋችሁ መንገድ አለ። ከግድቡ ታች ባለው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውሃ ከላይ ሲተኛ የታችኛው መሬት እርጥበቱ ይጨምራል፣ ብዙ ቦታ ጥልቀት ሳይኖረው ይገኛል። ወይም ከቱቦው የሚወጣውን ወደ ጎን መርታችሁ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ሙሉ። ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ ማዘግየት የምታስቡ ከሆነም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም በኋላ፣ የወረዳውን ባለሙያ አማክራችሁ ይሁን። ማስተንፈሻው ላይ ግን በየትኛውም ወር አንዲት ድንጋይ አታስቀምጡ። ያስቀመጣችኋቸውን ዛሬውኑ አንሡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ ነው። ከከተማ ወጣ ስል ሣር የለበሱ ረጃጅም ጉብታዎች አያለሁ፤ ከኋላቸው ትንሽ ውሃ ወይም ምንም የለም። የጎርፍ ግድብ ናቸው አሉኝ። እዚህ ያለን የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር ለመንደራችን እንዲህ ያለ ግድብ ለማሠራት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ግን ባዶ ሆኖ የሚቀመጥ ግድብ ብር ማባከን አይደለም ወይ? ለመስኖም ቢውልስ?

መልስ፦ ያዩአቸው ትልቅ ታሪክ አላቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣ ሕግ ነው የጀመሩት፤ የመጀመሪያው በ1948 ከቴክሳስ ጎረቤት በኦክላሆማ፣ ክላውድ ክሪክ በተባለ ወንዝ ላይ ተሠራ። በ1954 ሌላ ሕግ ወጣና እስከ ዛሬ 12 ሺህ የሚጠጉ ትንንሽ ግድቦች በአገሪቱ ተሠርተዋል፤ ቴክሳስ ብቻዋን 2 ሺህ ያህሉን ይዛለች። የእርሻ መሬት በጎርፍና በአቧራ ካለቀባቸው በኋላ ነው እዚህ የደረሱት። ቀረብ ብለው ካዩ ከውሃው መሃል የቆመ የሲሚንቶ ማማ አለ፤ ውሃው በእሱ ገብቶ በግድቡ ሥር በቱቦ ይወጣል። ከጎን ደግሞ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ መሳይ ቦይ ያያሉ። ማስተንፈሻ ማለት ያ ነው። ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ይመስላል።

ባዶነቱ ነው የተገዛው። ቦታ ከሌለው ጎርፉን የት ያኖረዋል? ለሁለቱም ይሁን ከተባለ ግድቡ በልኩ ከፍ ይላል፤ የመስኖው ውሃ ከታች፣ የጎርፉ ባዶ ቦታ ከላይ ተለይቶ ይሰላል። ወጪውም ኃላፊነቱም ያድጋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ወባ። በአገራችን ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በትግራይና በአማራ ክልል ለመስኖ ብዙ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ተሠርተዋል። ከእነሱ ጥቂት የማይባሉት በደለል ተሞልተዋል፣ ወይም ውሃውን አስርገዋል። በትግራይ ግድቦቹ አካባቢ በሚኖሩ ከ10 ዓመት በታች ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሞ ነበር፤ ከጸሐፊዎቹ የመጀመሪያው ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ናቸው። ከግድብ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ በወባ የሚያዙት 7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር አንድ የቆመ ውሃ ዳር ያየኋቸው ሕፃናት ትዝ ይሉኛል። ግድብ አትሥሩ ማለት አይደለም። በሁለት ቀን ባዶ የሚሆን የጎርፍ ግድብ ግን የወባ ትንኝ እጭ አድጎ ለመብረር ጊዜ አይሰጠውም፤ ውሃ ይዞ የሚከርመው ይሰጠዋል። ለመስኖ ካሰባችሁ አጎበርና የጤና ጣቢያ ወጪ አብሮ ይታሰብ።

ማኅበራችሁን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከምትሰበስቡት ገንዘብ የተወሰነውን አትንኩት፤ ለጥገና አስቀምጡት። የአሜሪካኖቹ ግድቦች አብዛኞቹ የታሰቡት ለ50 ዓመት ነበር፤ ያ ዕድሜ አልፎባቸዋል፣ ሜዳ በነበረው ቦታ ላይ ቤት ተሠርቷል፣ አሁን እንደገና ብዙ ገንዘብ እየፈሰሰባቸው ነው። የምረቃ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ሁሉም ይመጣል። በአራተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ቱቦው በግንድ ሲደፈን ማን ይጠርገው? ያን ሰው አሁኑኑ መርጣችሁ ደሞዙን አስቡለት።

ጥያቄ፦ ግድቡ እንዳይሸረሸር ባሕር ዛፍ ተከልንበት። ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል አይደል?

መልስ፦ አይ፣ ገና ችግኝ ሳለ ንቀሉት። ሥሩ ግድቡን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዛፉ ሲቆረጥና ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ባዶ ቧንቧ ይቀራል። ትልቅ ሆኖ ከሆነ በጉልበት ከመንቀል በፊት ባለሙያ ጥሩ። ለግድብ ሰርዶ ነው የሚሆነው። ሣር ሲሆን ደግሞ የጃርትና የፍልፈል ጉድጓድ በቀላሉ ይታያል፤ በቁጥቋጦ ከተሸፈነ አይታይም። ከብትም አይውጣበት፤ ከብት የሚመላለስበት መንገድ ለውሃ ቦይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ግድባችን ውሃ በያዘ ቁጥር ከኋላ ግርጌው ላይ ውሃ ይመነጫል። አንዳንዱ «ምንጭ ፈለቀ» ብሎ ይጠጣዋል። አደጋ ነው ወይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ፤ ግን ተረጋግተን እናየዋለን። ከአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ መውጣቱ ብቻውን አደጋ አይደለም። የሚወጣው ውሃ አፈር ይዞ ይወጣል ወይ? ወሳኙ እሱ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ትንሽ ግድብ እንድናይ ተጠርተን ሄድን። ጥበቃው አንድ አዛውንት ነበሩ። ግርጌው ላይ ጣት የሚያህል ውሃ ይወጣ ነበር። አባባ በየማለዳው ከዚያ ውሃ በሃይላንድ ይቀዱና ክዳኑን ዘግተው ከጎጇቸው ግድግዳ ሥር ይደረድሩታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቀኑን ጽፈውበታል። ማንም አላዘዛቸውም። «ኑ እዩልኝ» ብለው ወሰዱን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሃይላንዶች ጥርት ያሉ ነበሩ። አራተኛው ከሥሩ እንደ ሻይ አተላ ያለ ቀጭን ነገር ነበረው። አምስተኛው ላይ የጥፍር ውፍረት ያህል ቡናማ አፈር ተኝቷል። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ከፈትን፣ ከታች ያሉትን ቤቶች አስወጣን፣ ውሃው ወረደ። በኋላ ሲቆፈር በቱቦው ጎንና ጎን አፈሩ ተበልቶ አልቋል፤ እጄን አስገብቼ እስከ ክርኔ ደረሰ። ሲሠራ በቱቦው ዙሪያ ያለው አፈር በእጅ መጠቅጠቂያ በደንብ አልተመታም ነበር፤ ሮለር እዚያ አይደርስማ።

ስለዚህ እናንተም በሃይላንድ ቅዱ። በየቀኑ፣ ቀኑን ጽፋችሁ። የሚወጣውንም ለኩ፤ አንድ ባልዲ በስንት ደቂቃ ይሞላል? ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ ለባለሙያ አሳዩት። ከደፈረሰ ወይም በድንገት ከበዛ ያን ሰዓት መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ቱቦው ይከፈት፣ ከዚያ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠራ። ከኋላ በኩል በሸክላ አፈር ለመድፈን አትሞክሩ። ውሃው ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ይብሳል። ይልቅ አሸዋ አልብሱት፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ግን ይቅር። ስንጥቅም ካያችሁ አቅጣጫውን ተመልከቱ፤ በግድቡ ርዝመት የሄደውም ይመርመር፣ ግን ግድቡን አቋርጦ ከውሃው ወደ ኋላ የሚሄደው ከሁሉ ይከፋል።

«ምንጩን» ደግሞ አትጠጡት፤ ከብትና ጎርፍ ያጠራቀመው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከግድቡ በታች ነው። ጎርፍ ሲመጣ ማን ይነግረናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የላኩት እናት ናቸው፤ ሦስት ልጅ አለኝ ብለው ጽፈዋል። እማማ፣ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነበር።

የድሬዳዋውን አንረሳውም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ሕይወት ወሰደ፤ ከላይ ከደጋው የጣለው ዝናብ ነው ደረቁን አሸዋማ ወንዝ የሞላው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ሶላይ በተባለ ቦታ የአንድ እርሻ የአፈር ግድብ ማታ ተንዶ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ፣ ሊቢያ ውስጥ ደርና የምትባለውን ከተማ ከጎርፍ እንዲጠብቁ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ተናዱ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሦስቱም በጨለማ ነው የመጡት።

ስለዚህ ግድቡ ውስጥ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው እንጨት ይተከል። ማስተንፈሻው ወለል ላይ ሲደርስ የሚታይ ቀይ ቀለም ይቀባበት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሌሊቱ ሁለት ሰው ተራ ይግባ፤ ባትሪ ይዘው በየሰዓቱ ይዩት። ውሃው ከቀዩ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ይደውላሉ፤ ስልክ ባይሠራ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ወይም የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። እርስዎም ከልጆችዎ ጋር በቀን ብርሃን መንገዱን አንድ ጊዜ ሂዱበት፤ ወንዙን ሳትሻገሩ ወደ ጎን ከፍታ ላይ የሚያወጣውን። ሰልፍ ይመስል ሁለት ሦስቴ ብትደጋግሙት ትንሿም ልጅ በጨለማ ታውቀዋለች። የተራኞቹ ስልክ ቻርጅ መሆኑን ደግሞ ማታ ማታ ሄደው ይጠይቋቸው።